ብርድ ያዘገየው አበባ፦ የጓሮ ሐረጎች ለምን ዘግይተው ያብባሉ?

በተፍኪ ጓሮዎችና አጥሮች ላይ የሚወጡ ሐረጎች፣ ማለትም እየተጠመጠመ የሚያድገው ቦሎቄ፣ ዱባ፣ ቅል፣ ፓሽን ፍሩትና ቡገንቪሊያ፣ የበጋው ብርድ በበረታበት ዓመት ዘግይተው ያብባሉ። ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ተክሉ መከነ ብሎ ይነቅለዋል፤ አለዚያም ዩሪያ ይጨምርለታል። ሁለቱም በአመዛኙ ስሕተት ናቸው።

ተፍኪ ከሰበታ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በላይኛው አዋሽ ሜዳ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው በጋ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ በማይኖርበት ሌሊት መሬት በቀን የተቀበለችውን ሙቀት ፈጥና ትለቃለች። ቀዝቃዛ አየር ከባድ በመሆኑ ከተዳፋቱ ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ ውርጭም ይጥላል። በአንድ ቀበሌ ውስጥ እንኳ የዝቅተኛው ቦታ ጓሮ ተመትቶ ከፍ ያለው የሚተርፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች ብዙ ተክሎች የአበባ ጊዜያቸውን የሚያውቁት በቀኑ መርዘምና ማጠር ነው። እዚህ ግን በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ ሙቀትና እርጥበት ከፍ ያለ ድርሻ አላቸው። ቦሎቄ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች እድገቱ ሊቆም ይቃረባል። የዕለቱ አማካይ ሙቀት 20 ዲግሪ ሲሆን ለእድገት የሚጠቅመው 10 ዲግሪ ነው፤ አማካዩ ወደ 15 ሲወርድ ግን 5 ብቻ ይቀራል። ስለዚህ በ20 ዲግሪ አንድ ሳምንት የሚወስደው እድገት በ15 ዲግሪ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ተክሉ አልታመመም፤ ሙቀት እያጠራቀመ ነው።

የፓሽን ፍሩትና የቡገንቪሊያ ነገር ትንሽ ይለያል። ሁለቱም የሚያብቡት በአዲስ ቀንበጥ ላይ ነው። ውርጭ ጫፉን ካቃጠለው ተክሉ መጀመሪያ ቅርንጫፍ ማውጣት፣ ከዚያ በኋላ ማበብ አለበት። ፓሽን ፍሩት ካበበ በኋላም ፍሬው ለመብሰል ከ2 እስከ 3 ወር ይፈልጋል፤ በብርድ አካባቢ ይህም ይረዝማል። የጠቆረውን ጫፍ ወዲያው መቁረጥ አይመከርም፤ የሞተው ክፍል ሥሩ ያለውን ከቀጣዩ ውርጭ በጥቂቱም ቢሆን ይከልላል፣ ቀድሞ የሚወጣው ለጋ ቀንበጥም እንደገና ይመታል። ብርዱ ካለፈ በኋላ ቅርፊቱን በጥፍር ጫር ማድረግ ይበቃል፤ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ሕይወት አለው፣ መቁረጡም እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው።

ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን በመሆኑ ቅጠልና ሐረግ ያበዛል እንጂ አበባ አያፋጥንም። ቡገንቪሊያ ደግሞ ሥር ከሰደደ በኋላ ውኃ ሲበዛበት ለምለም ሆኖ አበባ የሚነሳ ተክል ነው።

ዱባ መጀመሪያ የሚያወጣው በአብዛኛው ወንዴ አበባ ስለሆነ፣ የፊተኞቹ ሳይቋጥሩ ቢረግፉ አያስደነግጥም። በቀዝቃዛ ማለዳ ግን ንብ ከቀፎዋ አትወጣም፤ የዱባ አበባ ደግሞ ማለዳ ተከፍቶ ከቀትር በፊት ይጠወልጋል። ከወንዴው አበባ ዱቄቱን ወስዶ፣ ከሥሯ ትንሽ ፍሬ ባላት ሴቴ አበባ ላይ በእጅ መንካት ይቻላል። የቅል ነጭ አበባ የሚከፈተው ሲመሽ ነው፤ ለእርሱም በእጅ ማዳቀሉ በምሽት ይከናወናል።

ውርጭ በሚያሰጋ ምሽት ሐረጉን ከፀሐይ መጥለቅ በፊት በጆንያ ወይም በገለባ መሸፈንና ጠዋት መግለጥ ይጠቅማል። አፈሩ በቀን ቢጠጣ ሙቀት ይይዛል፤ ነገር ግን የተፍኪ ጥቁር መረሬ አፈር ውኃ ስለሚያቁር መጠኑ ሊመጠን፣ መደቡም ከፍ ሊል ይገባል። ውርጭ ሙሉ በሙሉ ያጠቆረው ቦሎቄ አያገግምም። ስለዚህ ከዘሩ ጥቂት እፍኝ ማስቀረትና አፈሩ ሞቅ ሲል መልሶ መዝራት ያስፈልጋል፤ በቀዝቃዛና እርጥብ አፈር የተዘራ ሳይበቅል ይበሰብሳል።