የማካዎው ግጥሚያ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 17 ቀን 1954 ፖርቱጋሎች ያስተዳድሯት በነበረችው ማካዎ ሁለት ቻይናውያን መምህራን ለቡጢ መድረክ ላይ ወጡ። አንዱ የታይ ቺ መምህሩ ዉ ጎንግዪ ነው፤ ዕድሜው ሃምሳን አልፏል። ሌላው የነጭ ሽመላ ስልት መምህሩ ቼን ኬፉ ገና በሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ጎልማሳ ነው። ነገሩን የቆሰቆሰው በጋዜጣ ላይ የተካሄደ እሰጥ አገባ ሲሆን፣ ሆንግ ኮንግ ውስጥ እንዲህ ያለ ፍልሚያ ስለማይፈቀድ ባሕሩን ተሻግረው ማካዎ ተገናኙ። ገቢው ለበጎ አድራጎት ነበር፤ በፈረንጆች ገና ዕለት ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሼክ ኪፕ ሜይ በተባለው የድሆች ሰፈር የተነሣው ቃጠሎ ከ50 ሺህ በላይ ሰዎችን ሜዳ ላይ ጥሎ ነበርና።

የግጥሚያው ፊልም ዛሬም አለ። በወጣትነቴ የቦክስ ጓንት ያጠለቅሁ ሰው ስለሆንኩ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የዚያን ቀን ተመልካች ምን ጠብቆ እንደመጣ ለመረዳት ግን ትንሽ ወደኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

የዉ አያት ቹዋንዩ (1834–1902) ቤጂንግ ውስጥ የማንቹ ዘብ ነበር። የተማረው ከያንግ ሉቻን (1799–1872) ዘንድ ነው። ያንግ ደግሞ ሄናን ክፍለ ሀገር፣ ቼን መንደር ድረስ ሄዶ ከቼን ቻንግሺንግ ሥር የተማረ፣ ኋላም ዋና ከተማዋ ገብቶ መኳንንቱንና የቤተ መንግሥቱን ዘቦች ያስተማረ ሰው ነው። ሕዝቡ «የማይረታው ያንግ» ይለው ነበር። የጥበቡን መነሻ ተራራ ላይ ለመነነ መናኝ የሚሰጥ አፈ ታሪክም አለ፤ እኔ አልቀበለውም። በ1930ዎቹ ታንግ ሃዎ የተባለው የታሪክ ተመራማሪ ቼን መንደር ሄዶ ሲያጣራ ያገኘው ሌላ ነው። የመንደሩ ሰዎች የእንቅስቃሴ ስሞች በብዛት ጄኔራል ቺ ጂጓንግ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ለወታደሮቹ ማሠልጠኛ ከመዘገባቸው 32 አቋቋሞች ጋር ይገጥማሉ። ቺ የባሕር ወንበዴዎችን የተዋጋ የጦር አዛዥ ነበር። የመንደሩን ስልት አስጀመረ የሚባለው ቼን ዋንግቲንግም ወታደር ነው። ዛሬ አዛውንቶች ማለዳ ማለዳ በየመናፈሻው በዝግታ የሚሠሩት ባለ 24 እንቅስቃሴ ታይ ቺ የተቀናበረው በ1956 ነው፤ በእሱ ተነሥቶ ስለ ያንግ ዘመን መፍረድ አይቻልም።

ያንግ ለዘቦቹ ያስተማረው የፍልሚያ ምሥጢር ጊዜን መጠበቅ ነው። ቱይሾው በሚባለው የጥንድ ልምምድ ሁለት ሰዎች ክንድ ለክንድ ተነካክተው ይቆማሉ። አንዱ ሲገፋ ሌላው አይመክትም፤ ንክኪውንም አይለቅም፤ ወገቡን አዙሮ ያሳልፈዋል። በሩን በትከሻው ሊሰብር የተንደረደረን ሰው ከውስጥ ድንገት ከፍተውለት ያየ ይህ ይገባዋል። ገፊው ክብደቱ ከፊት እግሩ ካለፈ በኋላ፣ እግሩን አንሥቶ ሌላ ቦታ እስኪያሳርፍ ድረስ ራሱን መመለስ አይችልም። ያቺ ቅጽበት ናት የምትፈለገው። ያኔ ተከላካዩ መሬቱን በእግሩ ይገፋል፤ ኃይሉ በወገቡ በኩል ወደ መዳፉ ይወጣል፤ ትንሽ ግፊት ይበቃዋል። ቀድሞ ከገፋ ተቃዋሚው ገና ሚዛኑን ስላልለቀቀ ጉልበት ለጉልበት ይጋጠማሉ። ከዘገየ ደግሞ ሰውዬው እግሩን ተክሏል። መምህራኑ ይህችን ቅጽበት በዓይን ሳይሆን በቆዳ ማወቅን ለዓመታት ያስለምዳሉ።

እንግዲህ የቤጂንግ ዘብ የልጅ ልጅ ማካዎ ላይ ይህን ያሳያል ተብሎ ተጠበቀ። ፊልሙ ላይ የሚታየው ሌላ ነው። ሁለቱ ተራርቀው ይቆማሉ፤ ድንገት ይጋጠማሉ፤ ክንዶች እንደመጣላቸው ይወነጨፋሉ፤ እንደገና ይለያያሉ። በመጀመሪያው ዙር የቼን አፍንጫ ደማ። በሁለተኛው ዳኞቹ ግጥሚያውን አስቆሙና አሸናፊም፣ ተሸናፊም፣ አቻም የለም ብለው ፈረዱ። እንዲህ ያለ ፍርድ በቦክስ ዘመኔ ሰምቼ አላውቅም።

ብዙዎች ከዚህ ተነሥተው ታይ ቺ ባዶ ወሬ ነው ይላሉ። እኔ እንደዚያ አላይም። ቱይሾው የሚጀምረው ክንድ ከክንድ ከተነካካ በኋላ ነው። ቦክሰኛ ግን ትልቁን ሥራ የሚሠራው ከዚያ በፊት ነው፤ በግራ እጁ እየነካካ ርቀቱን ይለካል፣ ተጋጣሚውን እንዲሰነዝር ያባብለዋል፣ የሚሰነዝርበትንም ሰዓት በዓይኑ ያነባል። ዉን የጎደለችው ከርቀት ወደ ንክኪ የምታሸጋግረው ይህች ድልድይ ናት። ንክኪ በሌለበት ቆዳ የሚያዳምጠው ነገር የለም፤ በቡጢ መካከል የሚገኝ ንክኪ ደግሞ የዓይን ጥቅሻ ያህል አይቆይም። ያም ሆኖ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ከአንድ ጎልማሳ ፊት ሳይወድቅ መቆሙን ነቃፊዎቹ ሲያነሡት አይሰማም።

ትርፉን የለቀመችው ሥነ ጽሑፍ ናት። የሕዝቡ ወሬ ገና ሳይበርድ፣ በሦስተኛው ቀን፣ አንድ የሆንግ ኮንግ የምሽት ጋዜጣ የሊያንግ ዩሸንግን የፍልሚያ ልብ ወለድ በተከታታይ ማተም ጀመረ። በማግሥቱ ዓመት የሥራ ባልደረባው ጂን ዮንግ ተከተለው፤ በቻይንኛ እጅግ ከተነበቡት ደራሲዎችም አንዱ ሆነ።

ፊልሙ አጭር ነው፤ ፈልጋችሁ እዩት። ስታዩት እጃቸውን ተዉትና የፊት እግራቸውን ተከታተሉ።