የዴስክቶፕ ዊጀት ስክሪፕት

የፕሮሰሰርን ጫና፣ የሜሞሪንና የባትሪን መጠን በየጊዜው እያነበበ በስክሪን ላይ የሚያሳይ አጭር ፕሮግራም። እንዲህ ያሉትን ለማሳየት በሊኑክስ ኮንኪ፣ በዊንዶውስ ሬይንሜትር የተባሉት ፕሮግራሞች ይታወቃሉ። ሊኑክስ መረጃውን እንደ ተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሚያቀርበው ጥቂት መስመሮች ይበቃሉ፤ ከባዱ የሚታየውን መምረጥ ነው። «ነጻ ሜሞሪ» የሚለው ቁጥር፣ ለምሳሌ፣ ያሳስታል፤ ሊኑክስ ሥራ የፈታውን ሜሞሪ ለፋይሎች ጊዜያዊ ማቆያ ስለሚያውለው፣ ችግር ሳይኖር ሜሞሪው ያለቀ ይመስላል። በመጋቢት 2006 ዓ.ም. የወጣው የሊኑክስ እምብርት (ከርነል) 3.14 ለአዲስ ሥራ ሊውል የሚችለውን ሜሞሪ ገምቶ ማሳየት የጀመረው ለዚህ ነው፤ ስክሪፕቱም ይህንኑ ሊያነብ ይገባል።

መብራት ሲጠፋ በላፕቶፕ ለሚሠራ ሰው፣ በሰቆጣም ይሁን በአበርገሌ፣ ቀዳሚው ቁጥር ባትሪ ነው። ዊጀቱ ራሱ ባትሪ ይበላል የሚለው ተቃውሞ እውነትነት አለው፤ በየሰከንዱ አዲስ ፕሮግራም የሚያስነሳ ስክሪፕት ፕሮሰሰሩን ዕረፍት ይነሳዋል። ጥፋቱ ግን የድግግሞሹ እንጂ የዊጀቱ አይደለም። ዝግጁው የሥርዓት መቆጣጠሪያ ይበቃል ለሚሉም፣ እሱ ካልከፈቱት አያሳይም፤ ባትሪ ደግሞ የሚያልቀው ሰው በሥራ ተጠምዶ ሳለ ነው። ኮንኪ ለእያንዳንዱ ስክሪፕት የየራሱን የጊዜ ልዩነት ስለሚቀበል፣ ባትሪን በደቂቃ አንዴ ብቻ እንዲያነብ ማድረግ ይቻላል፤ ይህም በቂ ነው።