የቲንቲን ሠዓሊ ኤርዤና ሁለቱ ካህናት

ዦርዥ ረሚ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1907 ዓ.ም. በብሩክሰል አጠገብ በኤተርቤክ ተወለደ። የስሙንና የአባቱን ስም መነሻ ፊደላት ገልብጦ በፈረንሳይኛ ሲጠራቸው ኤርዤ የሚል ስም ወጣለት፤ በዚሁም ታወቀ። ከ1929 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣቱን ጋዜጠኛ የቲንቲንን ታሪክ በሥዕል እያሳየ በየሳምንቱ ያወጣ ነበር፤ መጻሕፍቱም ኋላ በብዙ ቋንቋ ተተርጕመው ከ200 ሚሊዮን በላይ ተሸጡ።

ሥራውን ያስጀመሩት የካቶሊክ ጋዜጣ አስተዳዳሪ የነበሩት አባ ኖርቤር ዋሌዝ ናቸው። እኒህ ቄስ ሙሶሊኒን የሚያደንቁ ስለ ነበሩ፥ ምክራቸው ወዴት እንደሚወስድ አንባቢ ሳይነገረው ይገምታል። ቲንቲን ወደ ኮንጎ እንዲሄድ የወሰኑትም እርሳቸው ነበሩ። ኤርዤ ኮንጎን በዓይኑ ሳያይ፥ የአገሩን ሰዎች ጌታ እንደሚያሻቸው ሕፃናት አድርጎ ሣላቸው። ቲንቲንም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ቆሞ፥ ጥቁሮቹን ልጆች ስለ አገራቸው ስለ ቤልጅግ ሊያስተምር ይነሣል። መጽሐፉ በ1946 ዓ.ም. እንደ ገና ሲታተም ይህ ትምህርት በሒሳብ ተተካ፤ የልጆቹ መልክ ግን እንደ ተበላሸ ቀረ።

ሁለተኛው ካህን አባ ጎሴ፥ በሉቫን የሚማሩት የቻይና ተማሪዎች የነፍስ አባት ነበሩ። ቲንቲን ወደ ቻይና ሊሄድ መሆኑን በሰሙ ጊዜ፥ ሠዓሊው አገሩን መርምሮ እንዲጽፍ ለመኑት፤ እርሱም ሰማቸው። በ1934 ዓ.ም. በብሩክሰል ሐውልት መቅረጽ ይማር ከነበረው ከጃንግ ቾንግረን ጋራ ተወዳጀ። ጃንግም በሥዕሉ ውስጥ በየግድግዳው የሚታየውን የቻይና ጽሕፈት በእጁ ጻፈለት። «ሰማያዊው ሎተስ» ጃፓን በ1931 ዓ.ም. በማንቹሪያ ያደረገችውን ግፍ ለቤልጅግ ልጆች ሳይሸፍን ነገራቸው፤ በጋዜጣ ወጥቶ ያለቀውም ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረችበት በጥቅምት 1935 ዓ.ም. ነበር።

ይህን የሠራ ሰው፥ ጀርመኖች አገሩን ሲይዙ ከእነርሱ ይርቃል ተብሎ በታሰበ ነበር። እርሱ ግን እስከ 1944 ዓ.ም. ድረስ እነርሱ በሚቈጣጠሩት በሷር ጋዜጣ ላይ ሠራ፤ በዚያም አይሁዳዊ ባለ ባንክ አስጠልቶ ሣለ። ነፃነት በተመለሰ ጊዜ ደጋግሞ ታሰረ፥ ከጋዜጣ ሥራም ታገደ። በ1946 ዓ.ም. መልሶ ያቋቋመው ጀርመኖችን የተዋጋው አርበኛ ሬሞን ለብላን መሆኑ ያስገርማል።

ከዚያ በኋላ ትዳሩ ሲናጋ፥ ነጭ ሕልም እያስጨነቀው «ቲንቲን በቲቤት» የተባለውን መጽሐፍ ሣለ። በዚህ መጽሐፍ ክፉ ሰው የለም፤ ቲንቲን በበረዶ ውስጥ የጠፋ ቻይናዊ ወዳጁን ብቻ ይፈልጋል፤ የወዳጁም ስም ቻንግ ነው። እውነተኛው ጃንግ በ1981 ዓ.ም. ወደ ብሩክሰል መጣና ከአርባ ዓመት በላይ ተለያይተው የኖሩት ሁለቱ ሽማግሎች ተቃቀፉ። ኤርዤ በ1983 ዓ.ም. ዐረፈ። በ2007 ዓ.ም. አንድ የኮንጎ ተወላጅ የኮንጎው መጽሐፍ እንዲታገድ በብሩክሰል ክስ አቀረበ፤ ፍርድ ቤቱ በ2012 ዓ.ም. አልተቀበለውም። ሁለቱ መጻሕፍት፥ የኮንጎውና የቻይናው፥ እስከ ዛሬ ድረስ ጎን ለጎን ይሸጣሉ።