ማይክሮግሊያ፦ የአንጎል ዘብ የተገለጠበት ታሪክ

ማይክሮግሊያ የሚባሉት በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ የሚኖሩ የበሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ሲሆኑ፣ ሥራቸውም ወራሪ ተሕዋስያንንና የሞቱ ሕዋሳትን ውጦ ማስወገድ ነው። በእንስሳትና በሰው አንጎል ውስጥ ሁልጊዜም የነበሩ ቢሆንም፣ ሳይንስ በግልጽ ሊለያቸው የቻለው እነሱን ነጥሎ የሚያሳይ የማቅለሚያ ዘዴ ከተገኘ በኋላ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኮ በነርቭ ሕዋሳት መካከል ያለውን ክፍል የማያያዣ ቁስ አድርጎ ገልጾት ነበር። ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል በ1913 (እ.ኤ.አ.) የወርቅ ውሕድ ባለበት ማቅለሚያ ኮከብ መሰል ሕዋሳትን አጉልቶ ሲያሳይ፣ ቅርንጫፎቻቸው ያልታዩለትን ቀሪዎቹን «ሦስተኛው ክፍል» ብሎ ተዋቸው። በማድሪድ የሚሠራው ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ ግን የአንጎል ናሙናን በብር ካርቦኔት በማቅለም፣ ይህ ክፍል ሁለት የተለያዩ የሕዋስ ዓይነቶችን እንደያዘ በ1919 አስታወቀ፤ ከሁለቱ አንዱ የሆኑት ማይክሮግሊያም በጽንስ ዘመን ከውጭ ወደ አንጎል እንደሚገቡ፣ ጉዳት ሲደርስም ቅርንጫፎቻቸውን ሰብስበው ወደ ዋጭ ሕዋስነት እንደሚለወጡ አስረዳ። ግኝቱ ከካሃል ጋር ላጋጨው አለመግባባት አንዱ ምክንያት ሆነ፤ በ1920 ከካሃል ቤተ ሙከራ ወጣ፣ የስፔን የእርስ በርስ ጦርነትም ለስደት ዳርጎት በ1945 በቦነስ አይረስ አረፈ።

ዴል ሪዮ ኦርቴጋ ስለ ሕዋሳቱ ምንጭ የሰጠው ሐሳብ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቶ፣ በ2010 በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት የሚመነጩት ጽንሱ ገና በጅምሩ ከሚይዘው የአስኳል ከረጢት መሆኑን አረጋገጠ። በ2005 ደግሞ በሕያው የአይጥ አንጎል ላይ የተደረገ ምልከታ፣ ያረፉ መስለው የሚታዩት ሕዋሳት ቅርንጫፎቻቸውን ያለማቋረጥ እየዘረጉ ዙሪያቸውን እንደሚቃኙ አሳይቶ ነበር። በ2011ና በ2012 የወጡ ጥናቶችም ማይክሮግሊያ በዕድገት ዘመን ትርፍ የነርቭ መገናኛዎችን እንደሚያስወግዱ ገለጡ።

ይኸው ችሎታ መጠኑን ሲስት ግን ጉዳት ያስከትላል፤ የተራዘመ ብግነት የነርቭ ሕዋሳትን ይጎዳል፣ የመዋጥ አቅም መድከምም ጎጂ ፕሮቲን እንዲከማች ያደርጋል። በ2013 «ትሬም 2» በተባለው፣ በማይክሮግሊያ ላይ በሚሠራ ዘረመል ላይ የሚገኝ አንድ ለውጥ ለአልዛይመር በሽታ የመጋለጥ ዕድልን ከፍ እንደሚያደርግ መታወቁ፣ ሕዋሳቱ የበሽታው ታዛቢ ብቻ ሳይሆኑ የሂደቱ ተሳታፊ መሆናቸውን አጽንቷል። ስለዚህም የዛሬው ምርምር የሚጥረው ማይክሮግሊያን ለማጥፋት ሳይሆን፣ ጥበቃቸውን ሳያሳጣ ጉዳታቸውን የሚገታ ሕክምና ለማግኘት ነው።