የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችና የኢትዮጵያ ሕግ፦ ምን ይላል፣ ምን አይልም?

ነሐሴ 2015 ላይ ቲክቶክ ትከታተሉ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። የሰዎች ፎቶ ከነስማቸው እየተለጠፈ «እነዚህ ናቸው» የሚሉ ቪዲዮዎች ይዘዋወሩ ነበር፤ ይደብደቡ የሚሉም ነበሩባቸው። በዚያው ወር የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ አስተዳደር ቢሮ ግብረ ሰዶም ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎችና ባሮች ላይ እርምጃ መውሰድ መጀመሩን ገለጸ፣ ሕዝቡም እንዲጠቁም ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ ወሬው በተነሳ ቁጥር እዚህ ሄርማታም ሆነ አጋሮ የምንሰማው ሁለት ነገር ነው። አንዱ «ሞት ያስፈርዳል» ይላል፣ ሌላው «በሕግ አልተጻፈም» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ሕጉ የሚለውን እንደወረደ እናቅርበው።

ክልከላው አዲስ አይደለም። በ1949 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 600 ይከለክል ነበር። አሁን የሚሠራበት የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 629 ከራሱ ጋር አንድ ዓይነት ጾታ ካለው ሰው ጋር የግብረ ሥጋ ድርጊት የፈጸመ ሰው በቀላል እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ወንድም ሴትም ይመለከታል። ቀላል እስራት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። አንቀጽ 630 ቅጣቱን የሚያከብደው ለምሳሌ አድራጊው ሥልጣኑን ወይም የሌላውን ችግር መጠቀሚያ ሲያደርግ ወይም ኃይል ሲጠቀም ነው። በልጆች ላይ የሚፈጸም ጥቃት በአንቀጽ 631 ለብቻው የተቀመጠ በጣም ከባድ ወንጀል ነው፤ በሁለት አዋቂዎች ፈቃድ ከሚሆነው ጋር መቀላቀል የለበትም። ሰው ግን በየቀኑ ይቀላቅለዋል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሕጉ የሚቀጣው ድርጊትን ነው። ስሜትን፣ አለባበስን፣ አረማመድን ወይም የድምፅ ቅላጼን የሚቀጣ አንቀጽ የለም። ሁለት ወንዶች አንድ ክፍል ተከራይተው መኖራቸው ወንጀል አይደለም (ቢሆን ኖሮ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግማሹ ታስሮ ነበር)። እጅ ለእጅ ተያይዞ መሄድም እንዲሁ፤ አባቶቻችን ሐሙስ ገበያ ሲወርዱ ያደርጉት የነበረ ነገር ነው። «ይመስላል» ተብሎ ማንም አይፈረድበትም።

ጋብቻውስ? ጅማ ኦሮሚያ ውስጥ ስላለች እዚህ የሚሠራው የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 69/1995 ነው፤ የ1992ቱ የፌዴራል ሕግ የሚያገለግለው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው። በክብር መዝገብ፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ብታገቡ ሁሉም ይታወቃል፣ ግን በወንድና በሴት መካከል ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 34 ላይ ጋብቻን ሲያነሳ «ወንዶችና ሴቶች» ብሎ ነው። ሳይጋቡ አብሮ መኖርም ቢሆን ያው ነው። የፌዴራሉ ሕግ ሳይጋቡ ቢያንስ 3 ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች ያፈሩት ሀብት የጋራ ይሆናል ሲል፣ እንደ ባልና ሚስት የኖሩ ወንድና ሴትን ብሎ ነው። አምስተርዳም ወይም ቶሮንቶ በሕግ የተጋቡ ሁለት ሰዎች ወረቀታቸውን ይዘው ቢመጡስ? ውጭ አገር የተፈጸመ ጋብቻ እዚህ የሚጸናው ከሕዝብ ሞራል ጋር እስካልተቃረነ ድረስ ነው ስለሚል ወረቀቱ እዚህ አይሠራም።

ይህ በኑሮ ሲታይ ምን ማለት ነው? ሁለት ሰዎች 15 ዓመት አብረው ኖረው፣ ሱቅ ከፍተው፣ ቤት ሠርተው አንዱ ቢሞት፣ ቤቱ በሟች ስም ከሆነ የሚወስደው የሟች ቤተሰብ ነው። የጡረታ አበል ለሚስት ወይም ለባል ይተላለፋል፣ ለእሱ ግን አይተላለፍም። ለቀብር የመጣው ዘመድ «ጓደኛው ነው» ይለዋል፣ በቃ። ሕጉ ክፍት የተወው ነገር ኑዛዜ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሰው ንብረቱን ለፈለገው እንዲናዘዝ ይፈቅዳል፤ በራስ እጅ ሙሉ በሙሉ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑን የሚገልጽ፣ ቀንና ፊርማ ያለው ከሆነ ይጸናል። በግልጽ በምስክሮች ፊት ከሆነ 4 ምስክር ይፈልጋል። የጋራ ንብረትን ከመጀመሪያው በሁለት ስም ማስመዝገብም የሚከለክለው ሕግ የለም። ማንኛውም ሁለት ጓደኛሞች የሚያደርጉት ነገር ነው።

ለብዙዎች ግን ከውርሱ በፊት የሚመጣው ስልኩ ነው። «ገንዘብ ካልላክህ ቻትህን ለቤተሰብህ እልካለሁ» ማለት በኢትዮጵያ ሕግ ወንጀል ነው። በ2008 የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ሰውን በኢንተርኔት ማስፈራራትንና ስም ማጥፋትን ይቀጣል። ድብደባም ድብደባ ነው፤ ተደብዳቢው ማንም ይሁን። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ተበዳዩ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «አስፈራሩኝ» ሲል «በምን?» ይባላል፣ መልሱ ደግሞ ራሱን ያስጠረጥረዋል። አስፈራሪው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። በ2012 የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185 ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታንና አካል ጉዳትን ሲዘረዝር ይህን ቡድን አላነሳም። ስለዚህ የ2015ቱን ዓይነት ቪዲዮ የለጠፈ ሰው በዚህ አዋጅ ይጠየቅ ዘንድ ክርክር ያስፈልጋል፤ በማስፈራራት ግን ይጠየቃል። በእኛ እምነት፣ ሃይማኖታችሁ በጉዳዩ ላይ የሚለው ምንም ቢሆን፣ የሰው ፎቶ ለጥፎ መንጋ መጥራት የፍርድ ቤትን ሥራ መንጠቅ ነው።

የተያዘ ሰው መብትም አይቀርም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የመናገር ግዴታ የለበትም፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። በአንቀጽ 20 ጥፋተኛ እስኪባል ንጹሕ ነው፣ ጠበቃም ይገባዋል። አቅም ለሌለው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ሕጉ ይለወጣል ወይ? በቅርቡ የሚያስብል ነገር አላየንም። የኦርቶዶክስም፣ የእስልምናም፣ የወንጌላውያንም መሪዎች አቋማቸው አንድ ነው፤ መንግሥትም በተባበሩት መንግሥታት ግምገማ ላይ ሕጉን አንሱ ሲባል አልተቀበለም። በሌላ በኩል ደግሞ በ2006 ወንጀሉን ይቅርታ ከማያሰጡት ተርታ ለማስገባት ታስቦ ነበር፤ መንግሥት ራሱ ተወው፣ አዲስ አበባ ላይ ሊደረግ የነበረው የተቃውሞ ሰልፍም ቀረ። የሚከራከሩ ሰዎች የሚይዙት አንቀጽ 25ን ነው፤ የእኩልነት ዝርዝሩ «በሌላ አቋም» በሚል ቃል ክፍት ሆኖ ያልቃል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 ጉዳዩን የወሰነው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ነበር፤ በ2006 ጋብቻው ተፈቀደ፣ እስካሁንም በአህጉሩ ብቸኛዋ ናት። ቦትስዋና (2019) እና ሞሪሽየስ (2023) ክልከላውን ያነሱት በዳኞች ነው፤ ዑጋንዳ ደግሞ በ2023 በፓርላማ አከበደችው። እኛ ጋ ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው ፍርድ ቤት አይደለም፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው አንቀጽ 629ን ልሟገት ቢል እንኳ ፋይሉ መጀመሪያ አጣሪ ጉባኤው ጋ ይሄዳል፣ ከዚያ ውሳኔ የሚሰጡት በየብሔሩ የተወከሉ ፖለቲከኞች ናቸው።