በቤላ ሻንጉል የጥንት ፎቶግራፎች የሰዎችን ስም ስለ መፈለግ

ትውልድ ለሚቈጥር ሰው ሁለት ምስክሮች አሉት፤ አንደኛው የሽማግሌ ቃል ነው፤ ሁለተኛው በቤት ተቀምጦ የኖረ ፎቶግራፍ ነው። ሽማግሌው ስምን ያውቃል፤ ፎቶግራፉ ግን መልክን እንጂ ስምን አይናገርም። ሁለቱ ሳይገናኙ ሽማግሌው ያረፈ እንደ ሆነ መልኩ ያለ ስም፤ ስሙም ያለ መልክ ይቀራል።

የዚህ ነገር ክብደት ዛሬ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በሚባለው ክልል ይልቁን ይታወቃል። አገሩ ወርቅ የሚገኝበት ስለ ሆነ ግብጾችም ድርቡሾችም ሲመኙት ኖረዋል፤ በ1890 ዓ.ም. ግን የራስ መኰንን ጦር ዘምቶ ለዐፄ ምኒልክ አስገበረው። ከዚያ ወዲያ የአሶሳው ገዥ ሼህ ኾጀሌ አል ሐሰን ብዙ ዘመን ገዙ፤ በአዲስ አበባም በጉለሌ ቤት ነበራቸው። ከዚያ አገር ወደ መሐል የሚመጣው ግብር ግን ወርቅ ብቻ አልነበረም፤ ከበርታና ከጉሙዝ ወገን ብዙ ሰዎች በባርነት ተወስደው በየመኳንንቱ ቤት ተበትነዋል።

በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ ፎቶግራፍ ማንሣት እየተለመደ ሄደ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ሠራ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮምም ሥራውን ወረሱ። በዘመኑ የመኳንንት ፎቶግራፍ ጌታው ተቀምጦ፤ ጠመንጃ ያዡና አሽከሩ በኋላው ቆመው ይታያሉ። የተቀመጠው ሰው ስም ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ የቆሙት ግን «አሽከሮች» ተብለው ይታለፋሉ። የልጅ ልጆቻቸው ዘራቸውን ሲፈልጉ የሚገጥማቸው ይህ ዝምታ ነው።

ይህም የሆነው ሰዎቹ ስም ስላልነበራቸው አይደለም። አባት በትውልድ አገር ያወጣው ስም አለ፤ ጌታው በቤቱ የሰየመው ስም አለ፤ ክርስትና ለተነሣውም ካህኑ የሰጠው የክርስትና ስም አለ። እንግዲህ አንዱ ሽማግሌ በአንደኛው፤ ሌላው በሁለተኛው ስም ቢጠራው፤ ጠያቂው አንዱን ሰው ሦስት አድርጎ እንዳይቈጥር ሊጠነቀቅ ይገባዋል። በአሶሳ በኩል ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ መሐመድና ሐሰን የሚባሉ ስሞች በየቤቱ ስለሚደጋገሙ ሁለቱ ሰዎች አንድ መስለው ይታያሉ። መለያው የአባት፤ የአያትና የመንደር ስም ነው።

ልብስም ያሳስታል፤ ካባ ሹመትን እንጂ ዘርን አይመሰክርም። ስለዚህ ሽማግሎችን ለየብቻ መጠየቅ፤ የተናገሩትንም ከነስማቸውና ከቀኑ ጋራ መጻፍ፤ የተጠረጠረውን «ይመስላል» ብሎ ከታወቀው መለየት ያሻል።

ባርነት በነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ተከልክሏል። የጠፋ ስም ግን በአዋጅ አይመለስም፤ የሚያውቁት በሕይወት ሳሉ በመጠየቅ ነው እንጂ። በቅኔ ቤት ቋንቋ ፎቶግራፉ ሰሙ ነው፤ ስሙ ወርቁ ነው። ከወርቅ አገር ተወስዶ ለቀረውም ሰው ልጆቹ የሚመልሱለት ወርቅ ይኸው ስሙ ነው።