ቁራጭ መልእክትን መልሶ ስለ መግጠም

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከሚሴን አልፎ ወደ ኮምቦልቻ ሲያቀና የጨፋ ሸለቆን ተከትሎ ይጓዛል። ቦርከና ወደ አዋሽ ሲወርድ የሚያረጥበው ይህ ሜዳ በበጋ የኦሮሞ፣ የአርጎባና የአፋር ከብት አርቢዎች መንጋቸውን ይዘው የሚገናኙበት የግጦሽ ስፍራ ነው። የዞኑ ዋና ከተማ በሆነችው በከሚሴ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ጎን ለጎን ይሠራበታል፤ ኦሮምኛው በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ አማርኛው ደግሞ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል። ነገሩ የቋንቋ ሊቃውንት ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ይሁንና በእጅ ስልክ ውስጥ ላለችው ትንሽ ኮምፒዩተር የፊደሉ ዓይነት መልእክቱ በአንድ ጥቅል መድረሱን ወይም ተቆራርጦ መምጣቱን የሚወስን ነገር ነው፤ ተቆራርጦ የመጣው ሁሉ ደግሞ መልሶ መገጠም አለበት። መሣሪያዎች በተደጋጋሚ የወደቁትም በዚሁ በመግጠሙ ሥራ ላይ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አጭር የጽሑፍ መልእክት ለመጀመሪያ ጊዜ የተላከው በታኅሣሥ 1992 በእንግሊዝ አገር ነው። የአንዱ መልእክት ሆድ 140 ባይት ብቻ የሚይዝ ሲሆን፣ የላቲን ፊደል በ7 ቢት ስለሚጻፍ 160 ፊደላት ይገቡበታል። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ቦታ ያገኘው በ1999 ነው፤ በመልእክት ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል 16 ቢት ስለሚወስድ ከ70 በላይ አይገባም። ጽሑፉ ከዚህ ከበለጠ ስልኩ ይቆራርጠዋል፤ በየቁራጩም ራስ ላይ 6 ባይት ያለው ራስጌ ይለጥፋል። በራስጌው ውስጥ የመልእክቱ መለያ ቁጥር፣ የቁራጮቹ ብዛትና የዚያ ቁራጭ ተራ ይጻፋሉ። ስለዚህ ለጽሑፍ የሚቀረው ስፍራ በላቲን 153፣ በግዕዝ 67 ፊደላት ይሆናል።

በዚህ ስሌት የግዕዝ ፊደል ክፉኛ ተጎድቷል ማለት የተለመደ ነው፤ አባባሉ ግን ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። አንድ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ «ከሚሴ» በሦስት ፊደል 48 ቢት ሲወስድ፣ በቁቤ ሰባት ፊደል ሆኖ 49 ቢት ይፈጃል። ዋናው ችግር ሌላ ነው። በመልእክቱ ውስጥ አንድ የግዕዝ ፊደል ብቻ ከተገኘ ጽሑፉ በሙሉ፣ ባዶ ቦታው ሳይቀር፣ በ16 ቢት ይጻፋል። 150 ፊደላት ባሉት የቁቤ ማስታወቂያ ጫፍ ላይ «ከሚሴ» የሚለው ቃል በግዕዝ ቢጨመር በአንድ ጥቅል ሊሄድ የነበረው መልእክት ሦስት ቁራጭ ይሆናል። ሁድሃ የሚባለው የቁቤ ምልክት እንኳ በቀጥተኛው ጭረት ፋንታ በቆልማማው ከተጻፈ ያንኑ ውጤት ያመጣል፤ ምክንያቱም ቆልማማው ጭረት በ7 ቢቱ ሠንጠረዥ ውስጥ የለም። እንግዲህ ሁለት ፊደል ቀላቅሎ የሚጽፍ ሕዝብ ባለበት አገር ስልኩ የመግጠምን ሥራ በየዕለቱ ይሠራል፤ በአንድ ፊደል ብቻ የተፈተነ ፕሮግራም ግን ይህን መንገድ እምብዛም ሳይረግጠው ወደ ገበያ ሊወጣ ይችላል።

መቆራረጥና መግጠም ከእጅ ስልክ በፊት የነበረ ጥበብ ነው። በመስከረም 1981 የወጣው የኢንተርኔት ፕሮቶኮል ደንብ አንድ ፓኬት በጠባብ መስመር ሲያልፍ እንዲቆራረጥና መድረሻው ላይ እንዲገጠም አድርጓል። ቁራጮች ተራቸውን ስተው፣ ተደግመው ወይም ጎድለው ሊደርሱ ስለሚችሉ፣ ተቀባዩ ሁሉም እስኪሟላ ድረስ በማቆያ ስፍራ ያኖራቸዋል። በሐምሌ 1982 ዴቪድ ክላርክ ያቀረበው ዘዴ የደረሱትን ሳይሆን ገና ያልደረሱትን ክፍተቶች መመዝገብ ነበር፤ መዝገቡም በዚያው ባልተሞላው ክፍተት ውስጥ ይጻፋል። ለጠባብ ማኅደረ ትውስታ የሚስማማ፣ እስካሁንም ሊደነቅ የሚገባው ብልሃት ነው።

ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች በቁራጩ ራስ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሳይመረምሩ አምነው ተቀበሉት። የቁራጩን መነሻ የሚያመለክተው ቁጥር 13 ቢት ሲሆን የሚቆጥረውም በ8 በ8 ባይት ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻው መነሻ 65,528 ይሆናል። የአንድ ሙሉ ፓኬት ወሰን ግን 65,535 ነው። እዚያ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ቁራጭ ከ7 ባይት በላይ የያዘ እንደ ሆነ ከማቆያው ስፍራ ውጭ ይፈስሳል። በ1996 «የሞት ፒንግ» የተባለው ጥቃት ይህን ቀላል ድምር ብቻ ተጠቅሞ ኮምፒዩተሮችንና ማተሚያዎችን ጣለ። በዓመቱ፣ በ1997፣ «የእንባ ዘለላ» የተባለው ተከተለ። በዚህኛው ሁለተኛው ቁራጭ በአንደኛው ክልል ውስጥ ጀምሮ እዚያው ያበቃል፤ ፕሮግራሙ የተደረበውን ክፍል ለመቁረጥ ሲቀንስ ርዝመቱ ከዜሮ በታች ይሆናል። አሉታዊውን ቁጥር የቅጂው ትእዛዝ እጅግ ግዙፍ ቁጥር አድርጎ ያነበዋል፤ መሣሪያውም ይወድቃል። በአዲሱ የፕሮቶኮሉ ስድስተኛ ቅጂ ተደራራቢ ቁራጮች ጨርሶ እንዲጣሉ የተደነገገው ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2009 ነው። ዘግይቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚያው በ2009 ቻርሊ ሚለርና ኮሊን ሙሊነር ተመሳሳዩን በሽታ በአይፎን ስልክ ውስጥ አገኙት። የአጭር መልእክቱ ራስጌ በሚገባ ስፍራ ተቆርጦ ሲላክ፣ አንባቢው ክፍል «ባይት አልቋል» ለማለት የሚመልሰው የአሉታዊ አንድ ቁጥር እንደ ቁራጭ ተራ ተወሰደ፤ ፕሮግራሙም ከሠንጠረዡ በፊት ያለውን ማኅደረ ትውስታ ነካ። ቀጥሎ ሙሊነር ከኒኮ ጎልዴ ጋር ወደ ተራዎቹ ርካሽ ስልኮች ዞረ። እነዚህ የውስጥ ፕሮግራማቸው የማይታይ፣ የውድቀታቸውም መዝገብ የማይገኝ መሣሪያዎች ናቸው። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ሬዲዮ በማያሳልፍ ክልል ውስጥ የራሳቸውን አነስተኛ የስልክ ጣቢያ አቁመው ልዩ ልዩ መልእክት እየላኩ ስልኩ መቀበሉን ማረጋገጡን፣ ግንኙነቱም አለመቋረጡን ከጣቢያው በኩል ተመለከቱ። በአንዳንድ የሳምሰንግ ስልኮች የቁራጮቹ ብዛት በሚገባ ስለማይመረመር መልእክቱ ሲከፈት ስልኩ ይወድቅ ነበር። በኖኪያ ያገኙት ከመግጠም ጋር የተያያዘ ባይሆንም ለጥገና ሠራተኛ ትልቅ ትምህርት አለው፤ ስልኩ «ደርሶኛል» ሳይል ስለሚወድቅ ኔትወርኩ ያንኑ መልእክት ደግሞ ይልካል፣ ስልኩም ደግሞ ይወድቃል። ከውጭ ለሚያየው ባትሪው ወይም ሰሌዳው የተበላሸ ይመስላል።

በሰኔ 2020 ይፋ የሆኑት አሥራ ዘጠኝ የትሬክ ፕሮግራም ጉድለቶች ነገሩ ያለፈ ታሪክ እንዳልሆነ አሳይተዋል። ከነዚህ በአንዱ ቁራጮች በሌላ ፓኬት ሆድ ውስጥ ሲጓዙ የተመዘገበው ርዝመትና የቁራጮቹ እውነተኛ ርዝመት ይለያያሉ። ፕሮግራሙም ከማተሚያ እስከ ሕክምና መሣሪያ ድረስ ተሠራጭቶ ነበር።

ለከሚሴው ስልክ ግን ከመውደቅ የማይተናነስ ሌላ አደጋ አለ። የመልእክቱ መለያ አብዛኛውን ጊዜ 8 ቢት ስለሆነ 256 ቁጥሮች ብቻ አሉት። አንድ መሥሪያ ቤት ከአንድ ቁጥር ብዙ ረጃጅም ማስታወቂያ ከላከ መለያው ዞሮ ይመጣል፤ የቀድሞው መልእክት አንድ ቁራጭ ጠፍቶበት በስልኩ ውስጥ እየጠበቀ ከሆነ፣ ጊዜ ያለፈበትን የማይጥል ፕሮግራም የአዲሱን ቁራጭ ከአሮጌው ጋር ይገጥማል፤ ምንም ብልሽት የታየ አይመስልም። አማርኛም ሆነ ኦሮምኛ ግሡን የሚያኖሩት በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው። የጠፋው የመጨረሻው ቁራጭ ከሆነና ስልኩ ያለውን ብቻ ካሳየ፣ ከብት አርቢው የክትባቱን ቀንና ስፍራ ያነብባል፤ ክትባቱ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም የሚለው ግን አልደረሰውም።